ባቡሩና ያልሰጠሁት ምርቃት

ጻፊ። የልጄ ልጅ፣ ቁጭ ብዬ አልነግርሽም፤ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የምነግርሽ። ቃል ካመለጠሽ አትመልሽኝ፣ ወደፊት ሂጂ። ደግሞ አታሳምሪው። ያልኩትን ብቻ ጻፊ።

እዚህ ኮምቦልቻ፣ ከጓሯችን አጥር ማዶ የባቡሩ ሀዲድ አለ። አንቺ እያየሽው ስላደግሽ እንደ ቦርከና ወንዝ ድሮም እዚህ የነበረ ይመስልሻል። ለእኔ ግን ትናንት የመጣ ነው። ሲሠሩት አይቻለሁ። ጋራውን በድማሚት ሲያፈርሱት ቤታችን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ላይ ይወርዳል። የሰፈር ሰው ሲራገም እኔ ግን አልተናደድኩም። «ይንቀጥቀጥ! እህቴ ጋ የሚያደርሰኝ መንገድ ነው» እል ነበር። ከዚያ ሥራው አለቀ ተባለ። ጣቢያው ተሠራ፣ ቀለም ተቀባ። ባቡሩ ግን አልመጣም። በመብራት ነው የሚሄደው፣ መብራቱ ገና አልገባም አሉን። መብራቱን ስንጠብቅ ጦርነቱ መጣ፣ ሽቦው ተቆርጦ ሄደ፣ መስኮቱ ረገፈ። አሁን ሀዲዱ ላይ የሚተኛው ፍየል ነው። ፀሐይ ስትወጣ ብረቱ ይሞቃል፤ ፍየል ደግሞ ሙቀት ይወዳል።

እህቴ አዋሽ ናት። ታላቄ ናት። ያ የድሮው ባቡር፣ የጅቡቲው፣ ይሄድ በነበረ ጊዜ የባቡር ሠራተኛ አገባችና ወደ ቆላ ወረደች። ባሏ ሞተ፣ ልጆቿ በየአገሩ ተበተኑ፣ እሷ እዚያው ቀረች። እናታችን የወለደችን ብዙ ነበርን፤ የቀረነው ሁለት ነን። የእናቴን ድምፅ የሚያስታውስ ሰው እሷ ብቻ ናት። እኔ ረስቼዋለሁ። ስልክ ስትደውልልኝ «እስኪ እንደ እማ ጥሪኝ» እላታለሁ፤ ትጠራኛለች። ግን በስልክ አይሆንም። ስልክ ድምፅ ያቀጥናል።

በአውቶቡስ ለምን አትሄጂም ይለኛል ሰው ሁሉ። እሱን ነው የምነግርሽ። እጅሽን አታቁሚ፣ ጻፊው።

እኔ ስኳር አለብኝ። ስኳር ያለበት ሰው ውሃ ይጠማዋል፤ ውሃ የጠጣ ሰው ደግሞ መነሳት አለበት። አሁን ለምሳሌ ይህን ጀምረን ስንት ጊዜ ተነሳሁ? አየሽ። በቀደም ደሴ ሐኪም ቤት ለክትትል ስንሄድ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ መጣብኝ። ረዳቱን «ልጄ፣ አንዴ አቁምልኝ» አልኩት።

«እማማ ትንሽ ይታገሱ፣ ትራፊክ ቆሟል» አለኝ።

«ትራፊኩ ቆሟል፣ የእኔ ነገር ግን አልቆመም» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መሳቁ ነው የጎዳኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ፒያሳ ስንወርድ ቀሚሴ ረጥቦ፣ ከኋላ ከኋላዬ እየተራመድሽ በፎጣሽ የጋረድሽኝ አንቺ ነሽ። ሱቁ ሁሉ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እኔና አንቺ እንደ ተጣበቀ ሰው ሆነን። ያን ዕለት ሐኪሙ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። ወደ ቤት ስንመለስ ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ፣ ሱጁድ ወርጄ አለቀስኩ። ያሳፍራል። ቢያሳፍርም ጻፊው።

እንግዲህ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት እንዲህ የሆንኩ ሰው አዋሽ ድረስ እንዴት ይሆናል? እዚህ ቅርብ ያለችውን ሐርቡን ሳላልፍ ነው የምዋረደው። አውቶቡሱ ቆመልኝ እንበል። ወንዱ ከመኪናው ጀርባ ዞር ይላል። እኔ የት ልሂድ? ጉልበቴ አይታጠፍ፣ ሜዳው ገላጣ።

እህቴ ይህንን ስነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ባቡርኮ ሽንት ቤት አለው!» አለችኝ። በባሏ ጊዜ ድሬዳዋ ትመላለስ ነበር። በሩን ከውስጥ ትዘጊዋለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ በቀዳዳው መሬቱ ከሥርሽ ሲሮጥ ታያለሽ አለችኝ። መጀመሪያ ጊዜ መሬቱ ሲሮጥ አይታ ደንግጣ ሳትጨርስ ወጣች። ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እንደ አዲስ እንስቃለን። «አሁን የሚመጣው ደግሞ እንደ ሆቴል ነው አሉ፣ መሬቱም አይታይ» አለችኝ።

እና እኔ ባቡሩን የምጠብቀው ለዚህ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ቴሌቪዥን ላይ ትላልቅ ሰዎች ተቀምጠው ይነታረካሉ። አንዱ ተነስቶ፣ ባቡሩ ተጠግኖ ሲጀምር ዕቃ ብቻ ይጫን፣ ሰው ማመላለስ ለመንግሥት ኪሳራ ነው፣ ቲኬቱ ወጪውን አይመልስም፣ መንግሥት ሁልጊዜ ሊደጉመው ነው ይላል። ሌላው ተነስቶ፣ አስፋልቱስ መቼ አተረፈ፣ ትምህርት ቤቱስ መቼ አተረፈ፣ ባቡሩ ብቻውን ለምን ያትርፍ ይላል። ሰው ኪሳራ ነው የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ማታ ስተኛ እሱ፣ ጠዋት ስነሳ እሱ። ሰው ኪሳራ ነው። ጓሮ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ፍየሎቹ ቀና ብለው ያዩኛል።

እቤታችንም ክርክሩ ገባ። አባትሽ እንደምታውቂው አይሱዙ ነው የሚነዳ። ጎረቤታችን ነጋዴው ደግሞ ሱቁ ደሴ ፒያሳ ነው፤ አያቱ ከየመን የመጡ ናቸው፣ ንግዱ ደሙ ውስጥ ነው። ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ እኛ ጋ ጎራ ይላል። እነዚህ ሁለት እንደተገናኙ ባቡር ነው።

«ዕቃ ይቅደም» ይላል ነጋዴው። «ዕቃ ይከፍላል። ዕቃ አያማርርም፣ መስኮት ክፈቱልኝ አይልም፣ ልጁ አያለቅስበትም።»

«አንተማ ሸቀጥህ በርካሽ እንዲገባልህ ነው!» ይለዋል አባትሽ። «እኔ ምን ልብላ? ሰውን ይውሰዱ፣ ጭነቱን ለእኛ ይተዉት።»

«እዩት! እኔ ለመንገደኛ አዝኖ መስሎኝ! ለአይሱዙህ ነው ለካ ያዘንከው።»

«አንተ ደግሞ ለአገር ያሰብክ ትመስላለህ። ለቴምርህ ነው!»

«ረመዳን ሲመጣ ያንን ቴምር በአንድ ሳህን ብቻህን የምትጨርሰው ማን ሆነና!»

እኔ ከጥግ ሆኜ «እኔስ?» አልኩ። ሁለቱም ዞሩ። አባትሽ «እማዬ፣ አንቺንማ በእኔ መኪና አደርስሽ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ያንተ ጋቢና ለመውጣት መሰላል፣ ለመውረድ ቃሬዛ ይፈልጋል» አልኩት።

ነጋዴው ሳቁ አንቆት ሊሞት ነበር። ከዚያ ተመልሰው ወደ ቴምራቸው ገቡ።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ የቅሬው፣ የዕድራችን ለፋፊ በየደጁ እየዞረ ስብሰባ ጠራ። የባቡሩን ነገር የሚያስረዱ ሰዎች መጥተዋል፣ ሕዝቡ ሐሳቡን ይስጥ ብሎ ለፈፈ። ወዲያው አዋሽ ደወልኩ። እህቴ «ተናገሪ» አለችኝ። «እንደ ሙሽራ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትመጪ። እኔ እንደሆነ ዓይኔ እየሄደ ነው። ከቆየሽ በእጄ ዳስሼ ነው የማይሽ።» እስከዚያ ቀን ዓይኗ መሄዱን አልነገረችኝም ነበር።

ስብሰባው ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ልቤ አልተቀመጠም። የምናገረውን ለራሴ ስለው ዋልኩ። ስኳር አለብኝ ልበል? በሽተኛ ነኝ ልበል? ያንን ነገርስ በምን ስም ልጥራው? እዚያ ወንዱ ሁሉ፣ ሼኹ፣ የልጄ ጓደኛ ሁሉ ተቀምጦ።

አዳራሹ ሞልቷል። ገና እንደገባን መጸዳጃ ቤቱን ስጠይቅ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው አሉኝ። እንግዲህ እንዴት እንደተቀመጥኩ ገምቺ። ከመድረክ የሚያወራው ልጅ የአገራችን ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ አነጋገሩ የሚጥም። ነገሩን በደንብ አስረዳን፤ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ መጀመሪያ ዕቃ ይጫን፣ የመንገደኛው ነገር ወደፊት ይታያል አለ። ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ ሲል አወጣሁ። አየኝ። ማይኩን ይዞ ራሱ ወረደልኝ። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመና «እናታችን፣ እስኪ ይመርቁን» አለ።

ልብ በይ እንግዲህ። በእኛ አገር ምርቃት ተለምኖ አይከለከልም። ምላስ ብቻውን ይሄዳል። እጄ ተዘረጋ፣ የአዳራሹ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

«አላህ ሰላሙን ያውርድ» አልኩ።

«አሚን!»

«ዝናሙን በወቅቱ፣ እህሉን በበረካ ያርገው።»

«አሚን!»

«የወጣው ይግባ፣ የታመመው ይዳን። ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ፣ የጀመራችሁትን ያስጨርሳችሁ።»

«አሚን! አሚን!»

ሰው ሁሉ ፊቱን አበሰ። ማይኩ ሄደ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አንቺ «እናና፣ ጨምሪ እንጂ!» ብለሽ ጎሸምሽኝ። ከምርቃት በኋላ ምን ይጨመራል? ለዱዓ ወዳጃ ስንቀመጥ ይሁን፣ ቅሬ ላይ ይሁን፣ ደም ሲታረቅም ይሁን፣ አዋቂ ከመረቀ፣ አሚን ተብሎ ፊት ከታበሰ፣ ነገር አለቀ። ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ባለጌ ነው። ነገሩን ለአላህ ሰጥተሻል፤ መልሰሽ ትነጥቂያለሽ? እኔ ደግሞ የሰጠሁትን እዪው፤ ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ አልኩ። ያሰቡት ዕቃ ነዋ!

ልጁ ተንኮል አስቦ ይሁን፣ አክብሮኝ ይሁን እስከዛሬ አላውቅም። ያከበረኝ ይመስለኛል። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄ ለምርቃት ሲዘረጋ ልቤ ትንሽ ቀለለው። ያንን ነገር በወንድ ፊት ከመናገር ተረፍኩ ብሎ።

ማታውን ነጋዴው ሲስቅ መጣ። «የአገር ሽማግሌዎች ዕቅዱን መርቀው ተቀብለውታል ተባለ! ወላሂ እማማ፣ ቴምሬን መርቀው አስጫኑልኝ።» አባትሽ ኮስተር ብሎ «እማዬ፣ የልጅሽን እንጀራ መርቀሽ ሰጠሻቸው» አለኝ። ቀልዱን ነው። ግን የቀልድ ፊት አልነበረውም።

እህቴ ደወለች። «ምን አልሻቸው?»

«መረቅኳቸው» አልኳት።

ከዚያ «አይ አንቺ» አለችኝ፣ «ልጅ ሆነንም ዳቦሽን ሲለምኑሽ ትሰጪና ከሰጠሽ በኋላ ነበር የምታለቅሺ።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ክረምት ተይው። ቤት ውስጥ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። አልጋውን አንጥፌ መልሼ አነሳዋለሁ። ዝናም ሀዲዱ ላይ ሲወርድ ድምፁ ይለያል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው አይደለም፤ እሱን ቆሜ እሰማለሁ። እህቴ በደወለች ቁጥር ዓይኗን እጠይቃታለሁ። አንድ ቀን «ጠዋትና ማታውን እለያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ጥያቄዬን ዘላ ስለ ሙቀቱ አወራችኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ለፋፊው እንደገና ዞረ። የመንገደኛው ነገር ተመልሶ ይታይ ተብሏል፣ ክርክሩ ከላይም አልበረደም፣ እንደገና ኑ አለ። እንዳልሄድ አስቤ ነበር። ከመረቅኩ በኋላ ምን ፊት አለኝ? ግን አስቤ አስቤ፣ እነሱ ራሳቸው ነገሩን ከከፈቱት እኔ የዘጋሁት አይደለም አልኩ። ያን ጠዋት ውሃ አልቀመስኩም። አንቺ ተቆጣሽኝ፣ ስኳርሽ ይነሳል ብለሽ። ልክ ነሽ፣ ራሴን አዙሮኝ ነበር።

ያው ልጅ ነው መድረኩ ላይ። ከፊት ወንበር ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ባለፈው የመረቁን እናታችን ይኸው አሉ» አለ። «ዛሬም በእሳቸው ምርቃት እንጀምራለን።» ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ማይኩ አፌ ሥር መጣ።

እኔ እጄን ፎጣዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ አልመርቅም» አልኩ። «ምርቃት መዝጊያ ነው። እኔ ገና አልከፈትኩም።»

የተዘረጋው እጅ አንዳንዱ ወረደ፣ አንዳንዱ እንደተዘረጋ ቀረ። ሽማግሌ ምርቃት ከለከለ ማለት ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂውም። ልጁ ማይኩን እዚያው ያዘልኝ። «ይናገሩ እናቴ» አለኝ ቀስ ብሎ።

እኔም ተናገርኩ። እህት አለችኝ አልኩ፣ አዋሽ። ዓይኗ እየጠፋ ነው አልኩ። ስኳር አለብኝ፣ ሽንቴን መያዝ አልችልም፣ መኪና አያቆምልኝም፣ ቢያቆምልኝም መቀመጥ አልችልም። ባቡር ሽንት ቤት አለው። እኔ ባቡሩን የምፈልገው ለሽንት ቤቱ ነው አልኩ። እንዲሁ፣ በስሙ ጠራሁት።

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ እስከ ፊት መጣ። ጆሮዬ ጋለ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ደቁሰው «ምን ያስገለፍጣችኋል? እናንተስ አታረጁም?» አሉ። «እኔ ስንት ዓመቴ ነው ከዚች ከተማ ከወጣሁ! ለልጄ ሰርግ እንኳ አልሄድኩም። ምክንያቱን አሁን ስሙት፣ እሷ ያለችው ነው!» ሳቁ ቆመ። ከሴቶቹ በኩል «እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው» ይሉ ጀመር።

አሸነፍኩ ብለሽ እንዳትጽፊ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ተነሳች። «እማማ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። «የልጆቼ ትምህርት ቤት በጦርነቱ ጣሪያው ከሄደ አልተመለሰም። ገንዘብ ካለ ለዚያ ይሁን። እኔ አዋሽ ሰው የለኝም።» ልክ ናት። እሷም አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ሁለታችንም ተቀመጥን።

ልጁ ወደ እኔ መጣ። «እናቴ፣ ያሉት ገብቶኛል፣ ይዤው እሄዳለሁ» አለኝ። «ቃል ግን አልገባልዎትም። ገንዘቡ አንድ ነው፣ የሚጎትተው ብዙ ነው።» ለዚህ አከበርኩት። ቢዋሸኝ ኖሮ እመርቀው ነበር፣ ምላሴን አውቀዋለሁ።

መጨረሻ ላይ «ስብሰባችን ተጠናቋል» አለ። የተነሳ ሰው የለም። እንደገና «ተጠናቋል፣ እናመሰግናለን» አለ። አሁንም የተነሳ የለም። ያለ ምርቃት ማን ይበተናል? እኔ ፊት ተቀምጬ ሌላ ሰው ተነስቶ አይመርቅ፣ ያ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል። ልጁ ያየኛል። እኔ እጄን በፎጣዬ ውስጥ ጨብጫለሁ። መምረቅ አምሮኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ደግሞ ያ ነገሬ መጥቷል። በመጨረሻ ተነሳሁና «ምርቃቱ እኔ ጋ ይቆይ» አልኩ። ወጣሁ።

ስወጣ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ከፊቴ ሲሮጥ አየሁት። መጸዳጃ ቤቱን ሊከፍትልኝ! በዚያ ሁሉ ንግግር ያተረፍኩት እስካሁን እሱን ነው።

ማታ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ እስኪያስላት ሳቀች። «በስሙ ጠራሽው?»

«በስሙ ጠራሁት።»

«ባቡሩስ?»

«አልታወቀም።»

«እጅሽስ?»

«አልተዘረጋም።»

«እንዳትዘረጊው» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ግን ቶሎ ይበሉ በያቸው» አለች። ከዚያ ሳልለምናት እንደ እማ ጠራችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጨምቄ ያዝኩት፤ ድምፁ ያው ቀጭን ነው።

ይኸው እንግዲህ። ክርክሩ ቴሌቪዥን ላይ አሁንም አለ። ለዒድ የመጣውን እመርቃለሁ፣ ለወለደች እመርቃለሁ፣ ፈተና ስትሄጂ አንቺን እመርቃለሁ። የባቡር ነገር የሚያነሳብኝ ሰው ሲመጣ ግን እጄን እከታለሁ። አባትሽ ትናንት «እማዬ፣ በቃ ማሪያቸው» ሲለኝ ነጋዴው «ተዋት! ቴምሬን ያስቆመች ሴት ናት» አለው። ሳቁ። እኔ ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ። ፍየሎቹ ሀዲዱ ላይ ናቸው፤ ብረቱ ሞቋል።

ጨርሻለሁ። ቆይ፣ መጨረሻው ላይ አሚን ብለሽ እንዳትጽፊ። ክፍቱን ተይው።